ሁላችንም ሲኢኦ ሆንን

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያለ ሐበሻ ሲገናኝ የሚጠያየቀው ነገር በየዘመኑ ይለዋወጣል። ድሮ «ወረቀትህ መጣልህ?» ነበር። ቀጥሎ «ፓርኪንግ ነህ ታክሲ?» ሆነ። ከዚያ የነዳጅ ማደያውና የመጠጥ መደብሩ ዘመን መጣ፤ ኡበር መጣ፤ ባለ አሥራ ስምንት ጎማው የጭነት መኪና መጣ። ዛሬ ክርስትናም ሂዱ፣ ምርቃትም ሂዱ፣ ጎረድ ጎረዱ ገና ሳይዞር ጥያቄው አንድ ነው፦ «አንተ እስካሁን ኤጀንሲ አልከፈትክም?»

«አልከፈትኩም» ያልክ እንደሆነ ጠያቂህ በሐዘኔታ ያይሃል። ትከሻህን ቸብ ቸብ ያደርግና «ግድ የለም፣ ገና ልጅ ነህ» ይልሃል። ስልሳን አልፈሃል። አስተያየቱን ላየ ሰው፣ አንተ ራስህ ኬርጊቨር የሚያስፈልግህ ነው የምትመስለው።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ኤጀንሲ የሚባለው የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ነው። ያረጀ ወይም አካሉ የተጎዳ ሰው መጦሪያ ተቋም ሳይገባ በገዛ ቤቱ እንዲኖር፣ የሚያጥበው፣ የሚያለብሰው፣ የሚያበላው ሰው ይላክለታል፤ ላኪው ኤጀንሲ፣ የሚላከው ኬርጊቨር፣ የሚላክለት ክላይንት ይባላል፤ የመክፈል አቅም ከሌለው ሂሳቡን ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ይሸፍናል። ነገሩ የከበረ ታሪክ አለው። ሜዲኬይድ በ1965 ሲቋቋም ቤት ለቀረ ሰው እምብዛም አያስብም ነበር፤ ገንዘቡ ተቋም ለገባ ነበር። በ1981 ኮንግረስ በሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ውስጥ 1915(ሲ) የሚባለውን አንቀጽ አስገባ፤ ክፍለ ግዛቶች ፈቃድ እየጠየቁ ያንኑ ገንዘብ ቤት ውስጥ ለሚሰጥ እንክብካቤ እንዲያውሉት ተፈቀደ። የእኛ ሰው «ዌይቨር» የሚለው ይኸንን ነው። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሬገን በጋዜጠኞች ፊት የኬቲ ቤኬትን ነገር አነሱ። ኬቲ የአዮዋ ሕፃን ናት፤ ቤቷ ሆና ብትታከም ወጪው በብዙ ይቀንስ ነበር፤ ሕጉ ግን ሆስፒታል ካልተኛች አልከፍልም ይል ነበር። በ1999 ደግሞ ሎይስ ከርቲስና ኢሌን ዊልሰን የተባሉ የሁለት የጆርጂያ ሴቶች ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና፣ ከሰው ጋር መኖር የሚችልን ሰው ያለ በቂ ምክንያት ተቋም ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ አድልዎ ነው ተባለ።

ሕፃኗም ሁለቱ ሴቶችም ያን ሁሉ ያዩት ከዓመታት በኋላ አንድ የአገሬ ሰው ቢዝነስ ካርዱ ላይ «ሲኢኦ»፣ ማለትም ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ ብሎ እንዲያትም መሆኑን ማንም አልነገራቸውም።

መነሻው ሴሚናር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ በዙም ወይም በምግብ ቤት የጓሮ አዳራሽ። አስተማሪው ሙሉ ልብስ ለብሷል። መጀመሪያ የአንድ ትልቅ ቤት ፎቶ ያሳያል፤ የማን ቤት እንደሆነ ግን አይናገርም። ከዚያ ወደ ሒሳቡ ይገባል፦ «አንድ ክላይንት በሳምንት 40 ሰዓት ቢኖረው፣ እናንተ 20 ክላይንት ብትይዙ…» አዳራሹ በሙሉ ስልኩን አውጥቶ ማባዛት ይጀምራል። ማባዛት ላይ ችግር ኖሮብን አያውቅም፤ የሚያቅተን መቀነስ ነው። ደመወዙ፣ የደመወዙ ታክስ፣ የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንሱ፣ የነርሷ ክፍያ፣ የቢሮ ኪራዩ፣ የሶፍትዌሩ ሂሳብ ስልኩ ላይ አይገቡም። ሰዉ ከአዳራሹ ሲወጣ ሚሊየነር ሆኖ ነው፤ የጎደለው ክላይንቱ ብቻ ነው። በዚህ ሥራ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ኪሳራ የሚባል ያልቀመሰ አንድ ሰው ካለ፣ እንዴት እንደሚከፈት የሚያስተምረው ሰውዬ ነው።

ከዚያ ስም ማውጣት አለ። የበኩር ልጅ ስም ሲወጣ እንኳ ቤተሰብ እንዲህ አይጣላም። ግማሹ ኤጀንሲ ስሙን ከመላእክት ይወስዳል፣ ግማሹ ከባለቤቱ ሴት ልጅ። ደፋሩ ደግሞ «ግሎባል» ወይም «ኢንተርናሽናል» ይጨምርበታል። ዓለም አቀፉ ድርጅት በእጁ ያለው አንድ ክላይንት ነው፤ እሳቸውም የባለቤቱ አክስት ናቸው፤ ያውም ገና አልፈረሙም።

ሹመቱማ አይነሣ! ባል ሲኢኦ፣ ሚስት ሲኤፍኦ፣ የሚስት ወንድም የኦፕሬሽን ዳይሬክተር፣ ገና ኮሌጅ ያልጨረሰው ልጅ የሰው ኃይል ኃላፊ። ደጃዝማችነትና ፊታውራሪነት ከዘውዱ ጋር ቀርቷል ያለው ማነው? ቨርጂኒያ ተሻግሮ ስሙን ቀይሮ ነው እንጂ የቀረ ነገር የለም። ባለፈው አንድ ቢሮ ገብቼ ከአራት ሹማምንት ጋር ተዋወቅሁ። ሰው የሚያጥበው ማን እንደሆነ ስጠይቅ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ምዝገባው ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑም ነው ሰውን የሚያሳስተው። ኤልኤልሲ የሚሉት የኩባንያ ምዝገባ፣ ከታክስ ቢሮው የሚሰጠው ባለ 9 አኃዝ ቁጥር፣ ኤንፒአይ የሚሉት ባለ 10 አኃዙ የጤና አገልግሎት ሰጪ መለያ፣ እነዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚያልቁ ናቸው። ሰውየው ግማሹን መንገድ የተጓዘ ይመስለዋል። ገና ከበር አልወጣም። ቨርጂኒያ ውስጥ ላይሰንስ የሚሰጠው ጤና መምሪያው ነው፤ ሜዲኬይዱን የሚያስተዳድረው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ብዙውን ሂሳብ የሚከፍሉት ደግሞ ሜዲኬይድን በውል የያዙ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ናቸው፤ ከያንዳንዳቸው ጋር ለየብቻ መዋዋል ግድ ነው። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ሲደርሱ ላይሰንሱ ሌላ ነው፤ አርኤስኤ ይሉታል፤ የቨርጂኒያው እዚያ ግድግዳ ከማስጌጥ ያለፈ ጥቅም የለውም። ሲያትል ያሉት ዘመዶቻችን መንገዱን አሳጥረው የራሳቸውን ቤት «አደልት ፋሚሊ ሆም» አድርገው እስከ 6 ሰው ያኖራሉ፤ ልዩ ፈቃድ ያለው እስከ 8 ይደርሳል። እነሱ ቢያንስ ሥራው ሳሎናቸው ውስጥ ስለሆነ ሊሸሹት አይችሉም።

ዋናው ፈተና «ፖሊሲና ፕሮሲጀር» የሚባለው ወፍራም ጥራዝ ነው። ክላይንት ቢወድቅ ምን ይደረጋል፣ መድኃኒት ቢጠፋ ለማን ይነገራል፣ ሠራተኛዋ ብትቀር ማን ይተካል፣ ሁሉም እዚያ መጻፍ አለበት። የእኛ ሰው ግን አይጽፈውም፤ ይገለብጠዋል። ከወዳጅ ወዳጅ ሲተላለፍ፣ በየእጁ የሽፋኑ ስም ብቻ ሲቀየር የኖረ ጥራዝ አለ። ሚኒሶታ የተከፈተ አንድ ቢሮ የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ በሙሉ ስለ ኸሪኬን ነበር ሲሉ ሰምቼ ስቄአለሁ፤ የባሕሩ ማዕበል ሲነሣ ክላይንቶች በየትኛው መንገድ እንደሚሸሹ ተዘርዝሯል፣ ስለ በረዶ አንድ መስመር የለም። ለምርመራ የመጣችው ሴት «ኸሪኬኑ ከየት ነው የሚመጣብን?» ብላ ብትጠይቅ፣ ባለቤቱ ፈገግ ብሎ «እኛ ለሁሉም ነገር ዝግጁ ነን» አላት አሉ።

ቢሮው በዶሮ ወጥ ይመረቃል። ሪባን ይቆረጣል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል፣ ሁለት መቶ ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ይላል። በማግስቱ ስልክ አይጮኽም። በሚቀጥለውም ሳምንት አይጮኽም። ጥግ ላይ ባለ ቁልፍ የብረት ካቢኔ ቆሟል፤ በ1996 የወጣው ሂፓ የሚባለው ሕግ የታማሚን ምስጢር ጠብቁ ስለሚል ነው። ካቢኔው ውስጥ ግን የሚጠበቅ ምስጢር የለም። ምስጢሩ ያለው ዕድር ውስጥ ነው፤ የማን እናት ስኳር እንዳለባቸው፣ የማን አባት መርሳት እንደጀመሩ፣ ማን ሽንት ቤት ሲሄዱ እንደወደቁ ዕድርተኛው አንድ ሳይቀር ያውቃል።

ስለዚህ አደኑ ወደዚያ ይዞራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ አሮጊቶች አጠገብ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ ጉልበት ይስማል።

«እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ? ይኼ ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ተመስገን ልጄ። አላወቅሁህም፣ የማን ልጅ ነህ?»

«እኔ እንኳ ኤጀንሲ አለኝ፣ እማማ።»

እንደዚህ ያለ ለሽማግሌ ማሰብ በእኛ ዘመን ታይቶ አይታወቅም። ድሮ ሰው እናቱን እንኳ በወር አንዴ ነበር የሚደውልላት፤ አሁን ስለማያውቃቸው ሴትዮ የደም ግፊት ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። ሕጉ ክላይንት ድርጅቱን በነፃነት ይምረጥ ይላል፤ ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን «ወደኛ ከመጡ በየወሩ ለቡና የሚሆን እናስብልዎታለን» ማለት ሌላ ሕግ ይነካል፤ በጉቦ ታማሚ መሳብን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ከ1972 ጀምሮ ያለ ነው፣ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 100,000 ዶላር ይደርሳል። ይህን የነገርኩት አንድ ሲኢኦ «ኧረ እኛ ጉቦ አንሰጥም፣ ለበዓል ዶሮና እንቁላል ነው» አለኝ። በዓላችን ደግሞ የማያልቅ ነው።

እማማም የዋዛ አይደሉም። ትራሳቸው ሥር የሦስት ኤጀንሲ ካርድ አለ። «ያኛው ቴሌቪዥን እገዛልሻለሁ ብሏል፤ አንተስ?» ይላሉ ጨዋታ አስመስለው።

የሁሉ ቁንጮ ግን ለቅሶ ቤት ነው። አስከሬኑ ከተቀበረ ገና ሁለት ቀን፤ ንፍሮው እየዞረ ነው፤ ሟች የአንዱ ኤጀንሲ ክላይንት ነበሩ፤ ባለቤታቸው ጥቁር ለብሰው ጥግ ተቀምጠዋል። «እግዜር ያጥናዎት» የሚለው ሰው እጃቸውን ጨብጦ ሲለቅ መዳፋቸው ላይ አንድ ነገር ይቀራል። ካርድ ነው፤ ከኋላው ደግሞ «24/7 ከጎንዎ ነን» ይላል።

ይሁን፣ ክላይንት ተገኘ እንበል። ሜዲኬይድ በአማላጅ አይከፍልም፤ ገምጋሚ ይልካል። ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር ቤት ድረስ መጥታ ትጠይቃለች፦ ብቻዎን ይታጠባሉ? ይለብሳሉ? ይበላሉ? ከአልጋ ወደ ወንበር ይሻገራሉ? መጸዳጃ ቤት ይደርሳሉ? የሚፈቀደው ሰዓት ከመልሱ ይወጣል። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የአሜሪካ ቅጽና የሐበሻ እናት ፊት ለፊት የሚገናኙት።

እማማ የጨዋ ልጅ ናቸው፤ እንግዳ ሊመጣ ነው ተብለዋል። ልጃቸው ከንጋት ጀምራ ስታጥባቸውና ስታለብሳቸው አረፈደች፤ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው ተጎንጉኗል፣ ዕጣኑ ይጤሳል። ፈረንጇ ገባች። ጤንነታቸውን ጠየቀች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልል።»

አስተርጓሚው «ደህና ናቸው» ብሎ አስተላለፈ፤ እሷም ጻፈች።

«ብቻዎን ይታጠባሉ?»

እማማ ቱግ አሉ። «ምን ማለቷ ነው? የማልታጠብ መስያት ነው?»

«እንደሚታጠቡ ተናግረዋል።» ጻፈች።

«መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ የሚረዳዎ ሰው ያስፈልግዎታል?»

«ይቺ ልጅ እናት የላትም እንዴ? በሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል?»

ልጃቸው ከገምጋሚዋ ጀርባ ቆማ በዓይኗም በእጇም ትለማመጣቸዋለች። እማማ አላዩም፤ ወይም አይተው ዘለሉት። ይባስ ብለው ወንበሩን ተደግፈው ተነሡና እየተንቀጠቀጡ ለእንግዳዋ ቡና ሊቀዱ ሞከሩ። እንግዳዋ ሦስቱንም ዙር ጠጥታ፣ ተመርቃ፣ ተስማ ሄደች። ውሳኔው በፖስታ መጣ፦ ራሳቸውን ችለዋል፣ አገልግሎት አያስፈልጋቸውም።

ይግባኝ ተባለ፤ ሌላ ቀጠሮ ተያዘ። አሁን ሲኢኦው ራሱ መጥቶ ያሠለጥናቸዋል። «እማማ፣ እባክዎ አልችልም ይበሉ።» «አፌን በክፉ አላሟርትም።» «እውነት እኮ ነው እማማ፣ አይችሉም።» «እሱን እግዜር ያውቀዋል፤ ለሷ ምን ብዬ እነግራታለሁ?» እዚህ ላይ እኔ ከእማማ ጎን ነኝ። በነገራችን ላይ ቋንቋውን የሚያውቅ ኤጀንሲ እንጀራውን የሚያገኘው እዚህ ነበር፤ ለገምጋሚዋ «እንግዳ ፊት ስለሆኑ ነው፣ እስቲ ከወንበር ሲነሡ ይመልከቷቸው» ብሎ በአክብሮት ማስረዳት። እሱን የሚያደርግ አንድ ሰው አያለሁ፣ ካርድ የሚያድል ሃያ።

ሰዓቱ ተፈቀደ፣ ሥራው ተጀመረ። አሁን የሚመጣውን ሳስብ ሳቄ ያመልጠኛል። ሦስት ሰዓት የተባለ ሠርግ በስድስት ሰዓት የሚጀምር ሕዝብ፣ ከሥራ ሁሉ መርጦ በሩብ ሰዓት የሚቆጠር ሥራ ውስጥ ገባ! በብዙ ክፍለ ግዛት ሜዲኬይድ ለእንክብካቤ የሚከፍለው ቲ1019 በሚባል መለያ ነው፤ አንዱ ዩኒት 15 ደቂቃ ነው። በ2016 መጨረሻ የወጣ የፌዴራል ሕግ ደግሞ ኢቪቪ የሚሉትን የኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር አመጣ። ስድስት ነገር ይመዘግባል፦ ምን አገልግሎት፣ ለማን፣ በማን፣ በየትኛው ቀን፣ የት ቦታ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። ሠራተኛዋ ደርሳ ክሎክ ኢን ትላለች፣ ጨርሳ ክሎክ አውት። ስልኩ ቦታውን ያውቃል፤ ይሉኝታም የለውም። «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ ማለት ይቻላል» ብላ አውራ ጎዳና ላይ ሆና ብትጫነው፣ እማማን በዚያን ሰዓት አውራ ጎዳና ላይ ስታጥባቸው እንደነበር ይመዘግባል።

ሰዓቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ቢሮው «በስምንት ትመጣለች» ይላቸዋል፤ እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። እማማ ስምንት ሲባሉ ከምሳ በኋላ ነው የሚያውቁት፤ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ይኼ ደግሞ ማነው ብለው አይከፍቱም። ሠራተኛዋ ውጭ ቆማ ትደውላለች፤ እማማ ስልኩን ሻንጣ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ከገባችም በኋላ ቡና አለ። ቡና ሳይጠጡ መታጠብ የለም። አቦሉ አንድ ዩኒት፣ ቶናው አንድ ዩኒት፣ በረካው ላይ የጎረቤት እናት ይመጣሉ፤ የእሳቸው ኤጀንሲ ሌላ ነው፣ የእሳቸውም ሠራተኛ ተከትላ ትመጣለች። በሁለት ኤጀንሲ ሂሳብ አንድ ቡና ተፈላ። ይህን የሚያስገባበት ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

የገዛ ልጅ እናቷን ለመንከባከብ የምትቀጠርበትም መንገድ አለ፤ ብዙ ክፍለ ግዛት ይፈቅዳል፤ መልካም ነው፣ ልጅ ሥራ ትታ እናቷን ስታስታምም የኖረችበትን ድካም ቢያንስ በከፊል ይክሳል። ግን እናት ነገሩን አልተቀበሉትም። ልጃቸው ገብታ ስልኳ ላይ ስታፈጥ «ልታጥቢኝ ነው የመጣሽው ወይስ ስልክ ልትነካኪ?» ይላሉ። ክሎክ ኢን እያደረገች መሆኑን ብታስረዳቸው ይብሳል። «እኔ አንቺን ሳሳድግ ማን ጋ ነው የፈረምኩት?»

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ ሰዉ ሁሉ የመጣው ለሱ አይደል። ደመወዝ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ይከፈላል። ሜዲኬይድ ግን ዓርብ የሚባል ቀን አያውቅም። ሂሳቡ ይላካል፣ አንድ ፊደል ተሳስቶ ይመለሳል፣ እንደገና ይላካል፣ «ፔንዲንግ» ይላል። ሠራተኛዋ ፔንዲንግ አትበላም፤ የቤት ኪራይዋንም ፔንዲንግ አትከፍልም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ባለቤቱ ደመወዝ የሚከፍለው ከገዛ ቁጠባው፣ ከዚያ ከክሬዲት ካርዱ፣ ከዚያ ከአማቱ ዕቁብ ነው። ሴሚናሩ ላይ ይህን ያባዛ አልነበረም። የፌዴራሉ ደንብ ሂሳብ ለማቅረብ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 12 ወር ነው፤ አንዳንዱ ከፋይ ከዚያም ያሳጥረዋል። ታይም ሺቱን፣ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያውን ማለት ነው፣ በመኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ ከፌስታል ጋር አጠራቅሞ «አንድ ቀን ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ» የሚል ሰው አውቃለሁ። ቁጭ ያለው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ስለ ማጭበርበሩ አጭር ልበል፤ ጨዋታ የሚሆን አይደለምና። የሜዲኬይድ አጭበርባሪዎችን የሚከታተሉት የየክፍለ ግዛቱ መርማሪዎች ከሚያስፈርዱባቸው መካከል ትልቁን ድርሻ ለዓመታት የያዘው ይኸው የቤት ለቤት እንክብካቤ ነው፤ በሁሉም አገር ሰው ዘንድ አለ፣ የእኛ ብቻ አይደለም። የእኛ ለየት የሚለው ባህላዊ ቅመም ስለሚገባበት ነው። እማማ ለገና አዲስ አበባ ገብተዋል፤ ሸሚዝ ለልጅ ልጅ፣ ሽቶ ለምራት ይዘው ቦሌ ወርደዋል፤ ፎቷቸውም ፌስቡክ ላይ ወጥቷል። ወረቀቱ ግን ማክሰኞ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ውስጥ ገላቸውን ታጥበው፣ ገንፎ በልተው፣ መድኃኒታቸውን ወስደዋል ይላል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ማኅተምና ታይም ሺቱ አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም።

በዚያን ጊዜ የሚመጣው ሕግ በ1863፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ለሠራዊቱ የተበላሸ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎችን ለመያዝ የወጣ ነው። ያጭበረበረ ሰው የወሰደውን ሦስት እጥፍ ይከፍላል፣ በየሂሳቡ ተጨማሪ ቅጣት አለ፤ ምስጢሩን ያወጣው ሰው ደግሞ ከሚመለሰው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 በመቶ ይደርሰዋል። ሐበሻ ሸሪኮች እንዴት እንደሚለያዩ ለምታውቁ ይህን ቁጥር መተንተን አያስፈልገኝም። በማኪያቶ ላይ የተጀመረ ሽርክና፣ «ሲኢኦ እኔ ልሁን አንተ» ላይ ተሰንጥቆ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሽማግሌው ሳይሰማ ቀርቶ፣ አንደኛው ኮምፒውተሩን ይዞ ወጥቷል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እንዳለ እሱ ያውቃል።

በትክክል የሚሠሩ አሉ? አሉ፤ ብዙም ናቸው። ሌሊት ተደውሎላቸው ራሳቸው ሄደው የሚያጥቡ፣ የጎደለ ሂሳብ ከኪሳቸው የሚሞሉ፣ እማማ «ተመስገን» ሲሉ ምን ያህል እንዳመማቸው የሚገባቸው አውቃለሁ። እነሱን ለቅሶ ቤት ካርድ ሲሰጡ አታገኟቸውም፤ ጊዜ የላቸውም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የቴሌግራሙ ቡድን ነው። «አስቸኳይ! ኬርጊቨር እንፈልጋለን፣ ጠዋት፣ ፎልስ ቸርች።» ሥር ላይ ሌላው ይመልሳል፦ «እኛም እንፈልጋለን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ።» ሦስተኛው፦ «እኔም።» ሁሉም ፈላጊ ነው፤ «እኔ እሄዳለሁ» የሚል መልእክት የለም። በ2023 በአገሪቱ የቤት ለቤት ተንከባካቢ መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 33,530 ዶላር ነበር። ይህን ይዛ ዲሲ አካባቢ ቤት ተከራይታ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ ጠዋት አንድ እናት ማታ ሌላ እናት አንሥታ የምታስተኛ እህታችን አለች። ወገቧ አልቋል። እማማ ከልጃቸው አብልጠው ይወዷታል። ባለፈው ሰኞ ሥራዋን ለቀቀች፤ ኤጀንሲ ልትከፍት ነው። አልፈርድባትም፤ ሲኢኦዎቹ ሁሉ ለሷ ያሳዩዋት ያንኑ ነውና፣ በዚህ ሥራ ውስጥ የሚያልፍለት የማያጥበው ሰው መሆኑን።

ለመክፈት የቆረጣችሁ እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስምና አርማ ከማውጣታችሁ በፊት ቨርጂኒያ የምታስተምረውን የ40 ሰዓት የተንከባካቢ ሥልጠና ራሳችሁ ግቡና ጨርሱ፤ ከዚያ አንድ ክረምት ሙሉ በሰው ኤጀንሲ ተቀጥራችሁ ሰው እጠቡ። የሦስት ወር ደመወዝ ባንክ አስቀምጡ። ፖሊሲውን ራሳችሁ ጻፉት፤ ኸሪኬኑንም አውጡት። እና እባካችሁ፣ ሠልስት ሳይወጣ ካርድ አትስጡ።